ከፍታው ነው ወይስ ብልጭታው?
የአሮጌ መኪና ሞተር «ሚስ» ሲያደርግ ጥፋቱን በሳይንሳዊ ዘዴ መፈለግ

ከዲላ ከተማ ተነሥቶ ወደ ቡሌ የሚወጣ መንገደኛ የአየሩን ለውጥ በቆዳው ይረዳዋል። ዲላ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ስትሆን፣ ቡሌ ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ትገኛለች። የቡናው አገር ወደ ኋላ ይቀርና የእንሰቱና የገብሱ ደጋ ይተካል። ይህን ዳገት መንገደኛው ብቻ ሳይሆን መኪናውም ያውቀዋል። በተለይም ዕድሜው የገፋ መኪና ከሆነ ሜዳ ላይ ደብቆት የነበረውን ሕመም ዳገቱ ላይ ያወጣዋል።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከእነዚህ ሕመሞች አንዱን ነው። የምንጠቀምበት ታሪክ ለማስተማሪያነት የተቀናበረ ምሳሌ ሲሆን፣ የሚነሡት የሳይንስ መርሆች ግን በየትኛውም ጋራዥ ሊፈተኑ የሚችሉ ናቸው።

እንበልና በዲላ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መምህር፣ በአገራችን «ዲኤክስ» በመባል የምትታወቀው አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ አለቻቸው። መኪናዋ ከተማ ውስጥ ደኅና ትሄዳለች። ወደ ቡሌ ስትወጣ ግን ሞተሩ ይቆራረጣል፤ ወደፊት ገፋ፣ ቆም፣ ገፋ እያደረገ ያንገጫግጫል። ዝናብ ሲዘንብ ባደረ ማለዳ ደግሞ ገና ከግቢ ሳትወጣ ትንቀጠቀጣለች። መካኒኩ «መምህር፣ ካርቡሬተሩ ደክሟል፤ ደጋውን አልቻለውም» ብሎ ካርቡሬተሩን ለወጠው። ሕመሙ ግን አልለቀቀም። አሁን የቀረበው ሐሳብ ቴስታታውን አውርዶ ሞተሩን መክፈት ነው። ይህ ደግሞ ለአንድ ጡረተኛ የብዙ ወራት አበል የሚጠይቅ ሥራ ነው።

መምህሩ እሺ ከማለታቸው በፊት በዲላ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪ የሆነች የእህታቸው ልጅ «ጋሼ፣ ከመከፈቱ በፊት አንድ ሳምንት ስጡኝ» አለቻቸው። በዚያ ሳምንት ውስጥ ያደረገችውን እንከተል።

«ሚስ ማድረግ» ምንድን ነው?

የመኪኖቻችን የቤንዚን ሞተር የሚሠራው ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ በ1876 እ.ኤ.አ. በተግባር ባሳየው የአራት ምት ዑደት ነው። ፒስቶኑ አየርና ቤንዚን የተደባለቀበትን ጋዝ ይስባል፤ ያምቀዋል፤ ብልጭታ ሲያቀጣጥለው በጋዙ ግፊት ወደ ታች ይነዳል፤ በመጨረሻም የተቃጠለውን ጋዝ ያስወጣል። አራቱ ምቶች የሚጠናቀቁት ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሲዞር በመሆኑ፣ እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ያቀጣጥላል ማለት ነው።

እስቲ እናስላው። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም የነዳጅ መርገጫው ሳይነካ፣ በደቂቃ 800 ጊዜ ቢዞር አንዱ ሲሊንደር በደቂቃ 400 ጊዜ፣ አራቱ በድምሩ 1,600 ጊዜ ያቀጣጥላሉ። ይህም በሰከንድ 27 ጊዜ ገደማ ነው። በ3,000 ዙር ላይ ደግሞ ቁጥሩ በሰከንድ 100 ይደርሳል። ጆሯችን እነዚህን ምቶች ለያይቶ መስማት ስለማይችል አንድ ወጥ ድምፅ አድርጎ ይቀበላቸዋል። ከአራቱ አንዱ ሲሊንደር ማቀጣጠሉን ሲያቋርጥ ግን ወጥነቱ ይፈርሳል፤ ድምፁ ያነክሳል፤ መኪናዋም ትንቀጠቀጣለች። መካኒኮቻችን «ሚስ ያደርጋል» ወይም «በሦስት ነው የሚሠራው» የሚሉት ይህንን ነው።

ጉዳቱ በመንቀጥቀጥ ብቻ አያበቃም። ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ የሚያለሰልሰውን ዘይት ያጥባል፤ ከፊሉ በማርሚታ በኩል ወጥቶ አየር ይበክላል። ከሁሉ በላይ ግን አሽከርካሪው በጠባብ የዳገት መንገድ ላይ የጭነት መኪና ለመቅደም ሲወጣ የተማመነበትን ጉልበት በዚያች ቅጽበት ሊያጣ ይችላል።

ሦስቱ ጥያቄዎች

አንድ ሲሊንደር በትክክል እንዲያቀጣጥል ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው። አንደኛ ተመጣጣኝ የአየርና የቤንዚን ድብልቅ፣ ሁለተኛ በቂና ሰዓቱን የጠበቀ ብልጭታ፣ ሦስተኛ በቂ እመቃ ናቸው። «ሚስ» የሚያደርግ ሞተር ከሦስቱ አንዱ ጎድሎታል። መካኒኩ ካርቡሬተር ሲለውጥ የመጀመሪያውን ጠረጠረ፤ ሞተሩን ለመክፈት ሲያስብ ደግሞ ሦስተኛውን ጠረጠረ። ሁለቱም ምክንያታዊ መላ ምቶች ናቸው። ችግሩ መላ ምቱ ሳይፈተን ዕቃ መለወጡ ላይ ነው። በዚህ መንገድ የሚገኘው እውቀት ውድ ነው፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ባለመኪናው ነው።

ከፍታው ጥፋተኛ ነውን?

«ደጋውን አልቻለውም» የሚለው አባባል የሚናቅ አይደለም። ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት መሠረት በ1,500 ሜትር ላይ የአየር እፍግታ በባሕር ጠለል ካለው 86 በመቶ ገደማ፣ በ2,500 ሜትር ላይ ደግሞ 78 በመቶ ገደማ ነው። ካርቡሬተር ኮምፒውተር ስለሌለው ይህን ለውጥ ለይቶ ቤንዚኑን አይቀንስም። በመሆኑም መኪናው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ድብልቁ ቤንዚን እየበዛበት ይሄዳል።

ጥያቄው ምን ያህል ይበዛበታል የሚለው ነው። በካርቡሬተር ውስጥ የአየርና የቤንዚን ምጥጥን በግምት የሚለወጠው ከአየሩ እፍግታ ካሬ ሥር ጋር ተመጣጥኖ ነው። ካርቡሬተሩ ዲላ ላይ ለ1 ኪሎ ግራም ቤንዚን 14.7 ኪሎ ግራም አየር እንዲሰጥ ተስተካክሎ ከነበረ፣ በ2,500 ሜትር ላይ ምጥጥኑ ወደ 14 ገደማ ይወርዳል። ለውጡ 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የቤንዚን ሞተር ደግሞ ምጥጥኑ 13 አካባቢ በሆነ ጊዜም በሚገባ ያቀጣጥላል፤ እንዲያውም ከፍተኛ ጉልበት የሚሰጠው በዚያ አካባቢ ነው።

እርግጥ ከዲላ እስከ 2,500 ሜትር ድረስ ሞተሩ 10 በመቶ ገደማ አየር ያጣል፤ በዚያው መጠንም ጉልበቱ ይቀንሳል። ነገር ግን ይህ ድካም ነው እንጂ መቆራረጥ አይደለም። ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ማስረጃም አለ። ከፍታ አራቱን ሲሊንደሮች እኩል ይነካል፤ አራቱም የሚስቡት ያንኑ አየር ነውና። ካርቡሬተሩም ለአራቱ የጋራ ነው። ስለዚህ የሚያነክሰው አንድ ሲሊንደር ብቻ መሆኑ ከተረጋገጠ፣ ተጠያቂው የጋራ የሆነው ነገር ሳይሆን የዚያ ሲሊንደር የብቻው የሆነው ነገር ነው። ተማሪዋ ምርመራዋን የጀመረችው ከዚህ ሐሳብ ነበር።

ዳገት ብልጭታን ለምን ይፈትናል?

ጥፋቱ ከፍታው ካልሆነ መኪናዋ ዳገት ላይ የምትብሰው ለምንድን ነው? መልሱ ከፍታንና ጭነትን ለይቶ በማየት ይገኛል።

በአሮጌ መኪና ውስጥ የባትሪው 12 ቮልት ካንዴላውን ለማቀጣጠል አይበቃም። አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርለስ ኬተሪንግ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ባስተዋወቀው ዘዴ መሠረት፣ ከባትሪው የሚመጣው የኤሌክትሪክ ፍሰት በኮይሉ የመጀመሪያ ጥቅል ውስጥ አልፎ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለው «ፑንቲና» ሲከፈት ፍሰቱ በድንገት ይቋረጣል፤ መስኩም ይከስማል። ማይክል ፋራዳይ በ1831 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ የሚለወጥ መግነጢሳዊ መስክ በሽቦ ጥቅል ውስጥ ቮልቴጅ ይፈጥራል። የኮይሉ ሁለተኛ ጥቅል ከመጀመሪያው በመቶ እጥፍ ገደማ የበዛ ዙር ስላለው፣ 20,000 ቮልትና ከዚያ በላይ ሊያመነጭ ይችላል። ዲስትሪቢዩተሩ ይህን ኃይል ተራ ጠብቆ በወፍራም ሽቦዎች ለአራቱ ካንዴላዎች ያድላል።

በካንዴላው ጫፍ ያለው ክፍተት 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይህን ክፍተት በብልጭታ ለመሻገር የሚያስፈልገው ቮልቴጅ በጋዙ ግፊት ይወሰናል። ፍሪድሪክ ፓሸን በ1889 እ.ኤ.አ. ያሳየው ሕግ በሞተር ውስጥ ላለው ሁኔታ ሲተረጎም፣ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር የሚጠየቀው ቮልቴጅም ይጨምራል ማለት ነው። በገላጣ አየር ጥቂት ሺህ ቮልት የሚበቃው ካንዴላ፣ በታመቀ ጋዝ ውስጥ ከ10,000 ቮልት በላይ ሊጠይቅ ይችላል።

አሁን ዳገቱን እናስብ። አሽከርካሪው የነዳጅ መርገጫውን አጥብቆ ሲረግጥ የአየር መግቢያው በሰፊው ይከፈታል፤ ሲሊንደሩ በጋዝ ይሞላል፤ የእመቃው ግፊት ያድጋል፤ የሚያስፈልገው ቮልቴጅም ከፍ ይላል። በዚህ ጊዜ ኤሌክትሪኩ በካንዴላው ክፍተት ከመሻገር ይልቅ ቀላል መንገድ ይፈልጋል። የተሰነጠቀ የሽቦ ሽፋን ወይም እርጥበት ያዘለ የዲስትሪቢዩተር ክዳን ካገኘ በዚያ ሾልኮ ወደ ሞተሩ ብረት ይገባል። ሜዳ ላይ የሚሠራ፣ ዳገት ላይ የሚያነክስ፣ በዝናብ ማለዳ የሚብስ ሞተር እንግዲህ ጣቱን ወደ ብልጭታው መስመር እየቀሰረ ነው።

ካንዴላን ነቅሎ፣ ብረት አስነክቶ፣ ብልጭታውን ማየት በየጋራዡ የተለመደ ፈተና ነው። ከላይ ከተባለው እንደምንረዳው ይህ ፈተና ግማሽ እውነት ብቻ ነው የሚናገረው። በገላጣ አየር የሚበራ ካንዴላ በእመቃ ውስጥ ሊከሽፍ ይችላልና።

የትኛው ሲሊንደር?

ብቅ ጥልቅ የሚል ጥፋት የሚመረመረው ብቅ ባለበት ሰዓት ነው። መካኒኩ መኪናዋን ያያት በፀሓይ፣ በሜዳና ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ነበር። ያን ጊዜ ደግሞ ጤነኛ ነበረች። ተማሪዋ ግን ዝናብ ያደረበትን ማለዳ ጠበቀች። በጌዴኦ ምድር ይህን ማለዳ ለማግኘት ብዙ መጠበቅ አያስፈልግም።

ሞተሩ ተነሥቶ ሲንቀጠቀጥ፣ ጭሱ ከሲሊንደሮቹ በሚወጣባቸው አራት የብረት ቧንቧዎች ላይ ጥቂት የውኃ ጠብታ አንጠባጠበች። በሦስቱ ላይ ውኃው ወዲያው ተንኖ ጠፋ። በሦስተኛው ሲሊንደር ቧንቧ ላይ ግን ጠብታው ሳይተን ቆየ። ያ ሲሊንደር ስላልተቃጠለ አልሞቀም።

ይህን በሌላ ፈተና አረጋገጠችው። ሞተሩን አጥፍታ የአንዱን ሲሊንደር ሽቦ ከካንዴላው ነቀለች፤ ሽቦውን በትርፍ ካንዴላ ላይ ሰክታ የካንዴላውን አካል ከሞተሩ ብረት ጋር በሽቦ አሰረች፤ ከዚያም ሞተሩን አስነሣች። ይህን በአራቱም ላይ በየተራ ደገመችው። አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ሲነቀሉ ሞተሩ ይበልጥ ተንገዳገደ። ሦስተኛው ሲነቀል ግን ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ ቀድሞውንም አይሠራም ነበርና። ስለዚህ ለአራቱ የጋራ የሆነው ካርቡሬተር ከተጠርጣሪዎች መዝገብ ወጣ ማለት ነው።

አንድ ነገር ብቻ መለወጥ

ቀጣዩ እርምጃ በሳይንስ ቤተ ሙከራ ከምናውቀው አይለይም፤ ሌላው ሁሉ ሳይነካ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል። በመጀመሪያ የሦስተኛውን ካንዴላ አወጣችና ተመለከተችው። ካንዴላ የሲሊንደሩን ታሪክ ይናገራል። ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ጤና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን የበዛበትን ድብልቅ፣ ጥቁርና ቅባታማ መሆኑ ወደ ሲሊንደሩ የሚያልፍ ዘይትን፣ ነጣ ብሎ መቃጠሉ ከልክ ያለፈ ሙቀትን ያመለክታል። ይህኛው ካንዴላ በቤንዚን ርሶ ነበር። ቤንዚን ደርሶታል፤ ብልጭታ ግን ጎድሎታል።

ካንዴላውን ጠርጋ ከሁለተኛው ሲሊንደር ካንዴላ ጋር አለዋወጠችው። ካንዴላው ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ ሕመሙ አብሮት ወደ ሁለተኛው ሲሊንደር በሄደ ነበር። ሕመሙ ግን ሦስተኛው ላይ ቀረ። ቀጥላ የሁለቱን ሲሊንደሮች ሽቦዎች አለዋወጠች፤ የዲስትሪቢዩተሩ ተራ ግን እንዳይዛባ እያንዳንዱን ሽቦ በሌላው ቦታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተካችው። ሞተሩ ሲነሣ የሚያነክሰው ሁለተኛው ሲሊንደር ሆነ። ሕመሙ ሽቦውን ተከትሎ ሄደ!

ማረጋገጫውን በመልቲሜትር አገኘችው። የካርቦን እምብርት ያላቸው እንዲህ ያሉ ሽቦዎች ብዙውን ጊዜ ከ25,000 ኦም ያልበለጠ ተቃውሞ ሊኖራቸው ይገባል። የሦስቱ ሽቦዎች ንባብ ከዚህ በታች ሲሆን፣ የተጠርጣሪው ግን ቀና ሲል ሌላ፣ ጎበጥ ሲል ሌላ እየሆነ ከ100,000 ኦም በላይ ይወጣ ነበር። እምብርቱ ውስጥ ለውስጥ ተበጥሷል። ማታ በጨለማ መከለያውን ከፍተው ሞተሩን ሲያስነሡት ደግሞ ከሽቦው የጎማ ቆብ ስንጥቅ ቀጭን ሰማያዊ ብልጭታ ወደ ቴስታታው ሲዘል መምህሩ ራሳቸው አዩ።

ሞተሩ ከመከፈቱ በፊት

ሽቦዎቹ ተለውጠው መኪናዋ ዳገቱን ብትወጣም መካኒኩ አንድ ስጋት ቀረው። እመቃውን ለክቶት ነበርና። ለዚህ ዓይነት ሞተር በመጽሐፍ የተጻፈው 12 ባር ገደማ ነው እንበል፤ መለኪያው ግን በአራቱም ሲሊንደሮች ላይ 10 ባር አካባቢ አሳየ። «ሞተሩ አልቋል» ያሰኘው ይህ ቁጥር ነበር።

ተማሪዋ ግን መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ጠለል መሆኑን አስታወሰችው። ዲላ ላይ የከባቢ አየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ 84 በመቶ ገደማ ነው። ፒስቶኑ የሚያምቀው ከመነሻው የሳሳ አየር ስለሆነ ውጤቱም በዚያው ልክ ያንሳል። ከ12 ባር 84 በመቶው 10 ባር ገደማ ነው። ሞተሩ አላለቀም፤ የሚኖረው ከፍታ ላይ ነው እንጂ።

ከፍታው በዚህ ታሪክ ውስጥ እውነተኛ ቦታ ያገኘው እዚህ ላይ መሆኑ ልብ ይባል። ላልሠራው ጥፋት ተከሶ ነበር፤ የሠራው ሥራ ግን ሳይታይ ሊያልፍ ነበር። ሁለቱ ስሕተቶች ተደምረው አንድን ጤነኛ ሞተር ሊያስከፍቱ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር።

በእመቃ ልኬት ከቁጥሩ ይልቅ ንጽጽሩ ይበልጥ ይናገራል። አራቱ ሲሊንደሮች ከተቀራረቡ መልካም ነው። አንዱ ጎልቶ ካነሰ በሻይ ማንኪያ ጥቂት የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሮ እንደገና መለካት ይገባል። ንባቡ ከፍ ካለ ዘይቱ የፒስቶኑን ፋሻ ክፍተት ስለደፈነ ፋሻው አልቋል ማለት ነው፤ ካልተለወጠ ቫልቮላው ይጠረጠራል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ካነሱ ደግሞ በመካከላቸው ያለው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ሳይቃጠል አልቀረም።

ጥንቃቄ

ይህን ለመሞከር የሚነሣሣ ተማሪ ልምድ ካለው ሰው ጋር ይሁን። የተነሣ ሞተር የካንዴላ ሽቦ በባዶ እጅ አይነካም፤ የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተገጠመለት ሰውም ፈጽሞ አይቅረብ። ሽቦ ነቅሎ በአየር ላይ መተው ኮይሉን ሊጎዳ፣ የቤንዚን ተን ካለም እሳት ሊያስነሣ ይችላል። የተዘጋ ክፍል ውስጥ ሞተር ማስነሣት በካርቦን ሞኖክሳይድ ለሞት ይዳርጋል። ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ያላቸው አዳዲስ መኪኖችም በዚህ ዘዴ አይፈተኑም።

አዳዲሶቹ መኪኖች በእርግጥ ሌላ መንገድ አላቸው። በውስጣቸው ያለው ኮምፒውተር የሞተሩን ዙር ፍጥነት በየቅጽበቱ ይለካል፤ አንድ ሲሊንደር ሳያቀጣጥል ሲቀር የምትፈጠረውን ጥቂት መዘግየት ይይዝና «ፒ0303» የሚል ምልክት ይመዘግባል፤ ትርጉሙም ሦስተኛው ሲሊንደር ሚስ አድርጓል ማለት ነው። ይሁንና ኮምፒውተሩም የሚናገረው የትኛው ሲሊንደር እንደሆነ ብቻ ነው። ካንዴላው ይሁን ሽቦው፣ ቫልቮላው ይሁን ፋሻው የሚለውን አሁንም ሰው ነው ለይቶ የሚያወጣው።

በአገራችን ይህ እውቀት ገና ለብዙ ዓመታት ይፈለጋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ቢሄዱም በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪኖች በቀላሉ የሚተኩ አይደሉም፤ ስለዚህ ሕመማቸውን በትክክል ማወቅ የቤተሰብን ኑሮ መጠበቅ ነው።

የመምህሩ መኪና ዛሬ አዲስ ሽቦዎች አሏት። ምንም ጥፋት ያልነበረበት የቀድሞው ካርቡሬተር በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከኋላ የዕቃ መጫኛ ውስጥ ተቀምጧል።

ለአንባቢያን አንድ ጥያቄ እናቅርብና እንሰናበት። በዲላ ጎዳናዎች የሚመላለሰው ባጃጅ ያለው ሲሊንደር አንድ ብቻ ነው። ሞተሩ ሲቆራረጥ «የትኛው ሲሊንደር?» የሚለው ጥያቄ አይነሣም፤ የሚለዋወጥለት ጎረቤት ሲሊንደርም የለውም። ታዲያ ጥፋቱን ከምን ጋር እያነጻጸራችሁ ትፈልጉታላችሁ?